አገር ስጠኝ

የዛሬው ጨዋታዬ ስለ አንዲት የንባብ ክፍልና ስለ ቴሌግራም ቻናሏ ነው። «ቻናል» የምትለዋን ቃል አይታችሁ ገጹን ልትገልጡ ያሰባችሁ አያቶች ካላችሁ ጥቂት ታገሡኝ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ እናንተው ዘንድ ነው የሚመጣው።

ክፍሏ ትንሽ ናት። አራት መደርደሪያ፣ ሦስት አግዳሚ ወንበርና ሲከፈት ሲጥ የሚል አንድ በር አላት። እኔ ከመምህርነት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ እየሄድኩ የተመለሱ መጻሕፍትን እደረድራለሁ፣ የተቀደዱትን እለጥፋለሁ። ኃላፊዋ ገና ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት። አንድ ቀን ባዶ ወንበሮቹን አየችና «ጋሼ፣ ልጆቹ እኮ ሁሉም ስልክ ላይ ናቸው። እነሱ ካልመጡ እኛ ወዳሉበት እንሂድ» አለችኝ። በዚያው ሰሞን ቻናሉን ከፈተች።

ሥራውን የጀመረችው ከኢንተርኔት ባገኘችው፣ ለቤተ መጻሕፍት ተብሎ በተሰናዳ የወር ዕቅድ ነው። ለሠላሳ ቀን ሠላሳ መልእክት፣ ከነሥዕሉ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ። የእሷ ድርሻ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ መመለስና በየቀኑ አንድ አንድ መለጠፍ ብቻ ነበር። የመጀመሪያው «መልካም ሰኞ! ሳምንቱን በየትኛው መጽሐፍ ጀመራችሁት?» ይላል። ሥዕሉ ላይ በረዶ የወረደበት መስኮት፣ የሱፍ ካልሲ ያጠለቀ እግርና ትልቅ ኩባያ ይታያል። ሰኞ ጠዋት የገራዶ ሰው የት እንዳለ የደሴ ሰው ይመስክር፤ ያለውን ጭኖ ዳገቱን ወጥቶ ሰኞ ገበያ ነው። ማታ ላይ ስናይ ሁለት አውራ ጣት ተገኘ። አንዱ የኔ ነው።

በሚቀጥሉት ቀናትም ያው ሆነ። «የምትወዱት የመጽሐፍ ገጸ ባሕርይ ማን ነው?» ተባለ፤ ዝም። «ከድመታችሁ ጋር ስታነቡ ፎቶ ላኩልን» ተባለ፤ አንድ ሰው የበሬውን ፎቶ ላከ። ይህቺን እንኳ ወድጃታለሁ።

ተዘጋጅቶ የመጣ ሐሳብ ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። የኒው ዮርክ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በ2018 እ.ኤ.አ. ሙሉ ልብ ወለዶችን ከሚንቀሳቀስ ሥዕል ጋር በኢንስታግራም አውጥቶ ነበር። የመጀመሪያው አሊስ የምትባለዋ ልጅ ጥንቸል ተከትላ ጉድጓድ የምትገባበት የሉዊስ ካሮል መጽሐፍ ነው። ልጆቹ በጣታቸው ወደሚያንሸራትቱት ነገር ውስጥ መጽሐፉን አስገቡላቸው። አሜሪካኖች ደግሞ የሴፕቴምበርን ወር የቤተ መጻሕፍት ካርድ ማውጫ አድርገውታል። ትምህርት የሚከፈትበት ወቅት ስለሆነ ይህ ለእኛም መስከረም ልክክ ይላል።

ከዕቅዱ ውስጥ አንዷን እኛም ወስደን ሠርቶልናል። መጽሐፉን በአሮጌ ጋዜጣ ትጠቀልላለህ (አዘጋጁ ይቅር ይበሉኝ፣ ይኸው ጋዜጣ ነበር)፤ ከላይ ሦስት ፍንጭ ብቻ ትጽፋለህ፤ ርዕሱን አትናገርም። «አንድ አይጥ፣ አንድ ንጉሥ፣ አንድ ውሸት» ብለን የጠቀለልነውን ፎቶ አንሥተን ለጠፍን። በማግስቱ ሦስት ልጆች ጥቅሉ ላይ ተጣሉ። ልዩነቱ ይታያችሁ፤ የበረዶው ሥዕል የሚጠይቀው ስልክ ላይ ቆይተህ እንድትመልስ ነው። ጥቅሉ ግን ተነሥተህ ካልመጣህ አይፈታም።

አሁን ወደሚያሳዝነው ልለፍ። ከሠላሳው ሐሳብ አንዱ «አንባቢዎቻችንን እናስተዋውቅ» የሚል ነበር። ልጅቱ ክፍሉ ውስጥ ያገኘቻቸውን አምስት ልጆች ጮክ ብለው እያነበቡ በቪዲዮ ቀርጻ ለጠፈች። አንዱ የልጄ ልጅ ነው። አሥር ዓመቱ ነው፤ ሲያነብ ይንተባተባል፣ ረጅም ቃል ሲያይ ሁለት ሦስት ጊዜ ይመለስበታል። ማታውን ከቪዲዮው ሥር የሚስቁ ፊቶች ተደረደሩ። አንዱ ደግሞ የእሱን ብቻ ቆርጦ ለክፍል ጓደኞቹ ግሩፕ ላከው።

ልጁ ለማንም አልተናገረም። እኔ ያወቅሁት «አባባ፣ ዛሬ አብሬህ አልሄድም» ማለት ሲያበዛ ነው። መጀመሪያ ሆዴን አለ፣ ቀጥሎ እግሬን። ነገሩን ያወጣጣችው ባለቤቴ ናት፤ ሽሮ እየለቀመች፣ ፊቱን ሳታይ። እኔ ሠላሳ ዓመት ልጆችን ጥቁር ሰሌዳ ፊት አስነሥቼ ያስነበብኩ ሰው ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የእኔ ክፍል ሳቅ ደወል ሲደወል ያበቃ ነበር ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ። ለሁሉም አብቅቶ ይሆን?

በማግስቱ ለልጅቱ ስነግራት ዓይኗ እንባ ሞላ። ወዲያው አጠፋችው፤ የተላለፈውን ግን መልሶ የሚሰበስብ የለም። ክፋት አልነበራትም። ዕቅዱ «አስተዋውቁ» አላት፣ አስተዋወቀች። አገራችን በ2016 የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ (ቁጥር 1321/2016) አውጥታለች። እሷም እኔም ግን አዋጁን ያሰብነው ከሆነ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የልጅ ፊት አይለጠፍም፤ እጅና መጽሐፍ፣ ወይም ከጀርባ ብቻ። ድምፅም ቢሆን ወላጅ መጥቶ ሳይፈቅድ፣ ልጁም ራሱ እሺ ሳይል አይወጣም። እናንተም የልጆቻችሁ ትምህርት ቤት ቻናል ካለው አንድ ጊዜ ገብታችሁ እዩት። ማን ማን ያያል? አስተያየት የሚጽፈው ማነው? ልጄን ከመለጠፋችሁ በፊት ንገሩኝ ማለት ነውር አይደለም።

እሑድ ቡና ላይ የሚቀጥለውን ሳምንት ዕቅድ ለባለቤቴ አነበብኩላት። አቦሉ ወርዶ ቶናው ተጥዷል፤ ጎረቤቶችም አሉ። «ለተከታዮቻችሁ ጥያቄ ጠይቁ፤ መልሱን ላላገኘ ቅጣት ይኑር» የሚለው ላይ ስደርስ ሲኒዋን አስቀምጣ ሳቀች። «ይሄን ለመናገር ነው ፈረንጅ ድረስ የተሄደው? እንቆቅልሽ እኮ ነው!»

እውነቷን ነው። እንቆቅልህ፣ ምን አውቅልሽ፤ ያላወቀ አገር ይሰጣል። ጠያቂው አገሩን ካልወደደው «አልፈልግም፣ ሌላ» ይላል፤ ከወደደው ተቀብሎ ያላወቀውን እያሾፈበት መልሱን ይናገራል። ጥያቄው፣ ፉክክሩ፣ ቅጣቱ፣ ሳቁ ሁሉ ተሟልቶ በየቤታችን ተቀምጧል። ኤልሳቤጥ ሌርድ የተባለች ብሪታንያዊት ደራሲ ከየክልሉ ተረት ነጋሪ እየፈለገች ያሰባሰበችው የኢትዮጵያ ተረት ዛሬ ኢንተርኔት ላይ ይነበባል። አባባ ተስፋዬ ስንቱን ትውልድ በቴሌቪዥን ፊት ሰብስበው እንደያዙት እናንተ ታውቃላችሁ፤ በእጃቸው የነበረው ተረት ነው።

ያኔውኑ በስልኬ ቀረጽኳት። ድምፅዋ ብቻ፣ ከጀርባ የሲኒ ድምፅ ይሰማል። «እንቆቅልሽ! አፍ ሳይኖረው ያወጋል፣ እግር ሳይኖረው አገር ያዞራል።» ልጅቱ ስትለጥፈው አንድ ሕግ ጨመረች፤ መልስ በስልክ አይጻፍም፣ ሐሙስ ክፍሉ ድረስ መጥቶ በጆሮዋ ይነገራል። ያላወቀ አገር ይሰጣል፤ አገሩ ግን ከመደርደሪያው መጽሐፍ ውስጥ የተገኘ መሆን አለበት፣ ገጹም ይጠራል። ይህን የጨመረችው ልጆቹ ሁሉ ዱባይን እንደሚሰጡ ስላወቀች ነው።

ሐሙስ አሥራ ዘጠኝ ልጅ መጣ። ቆጥሬያለሁ። አንድ እናትም ከልጇ ጋር መጥታ እሷው ራሷ ተሳስታ አገር ስትፈልግ አመሸች። ብዙዎቹ የሰጡት መልስ «ስልክ» የሚል ነበር። ተሳስታችኋል ለማለት አፌ አልታዘዝ አለኝ፤ አፍ የለው፣ ያወጋል፣ አገር ያዞራል፤ ምን ቀረው? ባለቤቴ ግን በምርመራ ድርቅ ብላ «ባትሪው ሲያልቅስ?» ብላ ልካብኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ አንድ የአያት ድምፅ ይወጣል። አንድ የሰፈራችን አዛውንት በልጅነታቸው ስላነበቡት የመጀመሪያ መጽሐፍ ሁለት ደቂቃ ተናገሩ፤ የላኩት ሰባት ደቂቃ ነበር፣ ስለ ከብት ዋጋ ያወሩትን ቆረጥነው። ሌላ ጊዜ የባዶ መደርደሪያ ፎቶ ለጠፍን። በ2014ቱ ጦርነት የደሴ ሙዚየምም ወሎ ዩኒቨርሲቲም መዘረፋቸውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ፤ በየቤቱ የጠፋውን መጽሐፍ ግን ማን ቆጠረው? ከፎቶው ሥር «ቤታችሁ የተረፈ ካለ ይህ ቦታ ይጠብቀዋል» ብለን ጻፍን። አንዲት ሴት በፌስታል የተጠቀለለ፣ ጠርዙ የተቃጠለ የሦስተኛ ክፍል መጽሐፍ ይዛ መጣች። ለማንበብ ሳይሆን እንዲቀመጥ ብቻ ነው አለች። ተቀምጧል።

«ፒዲኤፉን ላኩልን» የሚሉን ብዙ ናቸው። በሕይወት ያለ ደራሲን መጽሐፍ ያለ ፈቃዱ አንበትንም፤ የቅጂ መብት አዋጁ (ቁጥር 410/1996) ጸሐፊው ከሞተም በኋላ ሃምሳ ዓመት ይጠብቀዋል። ቅር የሚለው ቅር ይበለው።

አዲስ አበባ ከ1936 ጀምሮ ወመዘክር አላት፣ በ2014 ደግሞ አብርሆትን አግኝታለች። እኛ ያለን አንዲት ልጅና አንድ ስልክ ነው። ይህን ስል ግን አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ትዝ ይሉኛል። ሳን ፍራንሲስኮ በቤተ መጻሕፍት ሠራተኝነት ሲሠሩ ለልጆች የሚሆን የአማርኛ መጽሐፍ አጥተው፣ አገራቸው ተመልሰው በ1995 ሾላ ላይ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ቀጥሎም መጽሐፍ የጫነ የአህያ ጋሪ ሐዋሳ ውስጥ ልጆቹ ወዳሉበት አዞሩ። ልጅቱ «ወዳሉበት እንሂድ» ያለችው ያንኑ ነው። ይህን ለልጅ ልጄ ስነግረው «አህያዋ ስሟ ማነው?» አለኝ። አላወቅሁም። አገር ስጠኝ አለኝ።

እሱ የተመለሰው በሦስተኛው ሐሙስ ነው። ማንም አልጎተተውም። አያቱ በስልክ የምትጠይቀውን እንቆቅልሽ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ልጆች «የማን አያት ናት?» እያሉ ሲጠያየቁ ሰምቶ ኖሯል። አሁን የእሷን እንቆቅልሽ በደብተር የሚጽፈው እሱ ነው፤ ፊደሉ ይንጋደዳል፣ አንዳንዱን ቃል ሦስቴ ሰርዞ ይጽፈዋል። ጮክ ብሎ ማንበብ ገና ነው፤ እኛም አልጠየቅነውም።

ትናንት ቡና ላይ በራሱ ደብተር ውስጥ ባለ እንቆቅልሽ አጠመደችው። ጭንቅላቱን ቢያክ ቢያክ አልመጣለትም።

«አገር ስጠኝ» አለችው።

«ደሴን ሰጠሁሽ።»

«ደሴን ምን ላደርጋት? ሰኞ ሰኞ እሄድባት የለ? ሌላ አምጣ።»

ኮምቦልቻን ሰጣት፣ አልቀበልም አለች። ሐይቅን፣ ወልዲያን፣ ሁሉንም መለሰችበት። በመጨረሻ ተነሥቶ ጫማውን አደረገ። «ክፍሉ እስከ ስንት ሰዓት ክፍት ነው አባባ?» አለኝ።