ሊብሬው የማይናገረው የቺንጋ ዕድሜ

አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው ብዙ ይጠይቃል። ሊብሬው በማን ስም ነው? ቦሎው ታድሷል? ዕዳ እገዳ አለበት? ጎማውን በእግሩ ይመታል፣ ቀለሙን በጥፍሩ ይፈትሻል፣ ሞተሩን አስነስቶ የጭሱን መልክ ያያል። «የታይሚንግ ቺንጋው መቼ ተቀየረ?» የሚል ግን ጥቂት ነው። የጠየቀም ቢሆን «አዲስ ነው» ከምትል ቃል በላይ አያገኝም። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ቺንጋው የተቀየረበት ቀንና ኪሎ ሜትር በጽሑፍ ይያዝ፤ መኪናው በተሸጠ ቁጥርም ጽሑፉ ከሊብሬው ጋር ይተላለፍ።

ይህን የሚያስብለኝ የራሴ ሃይሉክስ ናት፤ ባለ 3ኤል ሞተር፣ 2.8 ሊትር ናፍጣ። ከአዲስ አበባ ስገዛት ሻጩ «ቺንጋዋን ባለፈው ወር ነው ያስቀየርኩት» ብሎ ምሎልኛል። ከሐይቅ ከተማ ወደ ውጫሌ እህል ጭኜ አንዱን ዳገት ስወጣ ከፊት በኩል ቀጭን የመምታት ድምፅ ተሰማና ሞተሩ ቀጥ አለ። የአምባሰል ሰው መኪና ቆሞ ካየ ዝም ብሎ አያልፍምና፣ ከየማሳው የወጡ ጎረምሶች «ጋሼ፣ እንግፋልህ» አሉኝ። አመስግኜ እንቢ አልኩ። እንዲህ ያለ ድምፅ አሰምቶ የጠፋን ሞተር በግፊ ማስነሳት የቀረውን መስበር ነው።

ምክንያቱን ልናገር። በዚህ ሞተር ላይ ቺንጋው ሦስት ነገር ያስተሳስራል፦ ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ክራንክሻፍት፣ ቫልቮቹን የሚከፍተውን ካምሻፍትና የናፍጣውን ፓምፕ። ክራንኩ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካሙ አንድ ጊዜ ይዞራል፤ በዚህ ልክ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ቫልቩ ከመንገዱ ይርቅለታል። ቺንጋው ሲበጠስ ካሙ ባለበት ይቆማል፤ ክራንኩ ግን በያዘው ፍጥነት መዞሩን አያቆምም። ናፍጣ ሞተር የሚሠራው አየርን አምቆ በማጋል ስለሆነ፣ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ለተከፈተ ቫልቭ የሚተርፍ ቦታ የለም። ተገናኝተው ይጋጫሉ፤ ቫልቩ ይጎብጣል። ሁሉም ሞተር እንዲህ አይደለም። የድሮው ኮሮላ 4ኤ-ኤፍኢ ቺንጋው ቢበጠስበትም ቫልቭና ፒስተን አይነካኩበትም፤ ቪትዝ ደግሞ በሰንሰለት ነው የሚሠራው። ባለቤት ከሁሉ በፊት የራሱን ሞተር ዓይነት ይወቅ።

ሃይሉክሷ ተጎትታ ሐይቅ ገባችና ግቢዬ ውስጥ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ከሰፈራችን መካኒክ ጋር ፈታናት። ጋራዥ ስለሌለ ብቻ አይደለም። ግቢ ውስጥ ሲሠራ ባለቤቱ እያንዳንዱን ቡሎን ሲወጣና ሲገባ ያያል። መካኒኩ ካርቶን በስቶ የቴስታታውን ቡሎኖች እንደየቦታቸው ሰካቸው። ቴስታታውን ገልብጦ በቫልቮቹ ላይ ነጭ ጋዝ ሲያፈስ ፈሳሹ በጎበጡት ዙሪያ ሾልኮ ወረደ። እዚህ ላይ ግቢ አበቃለት፤ ቴስታታው ወደ 30 ኪሎ ሜትር ርቆ ደሴ ቶርኖ ቤት መሄድ ነበረበት። አዲስ ቫልቮች ገብተውለት ሲመለስ ምልክቶቹን ከምልክት አገናኝተን፣ ቁልፍ ከመንካታችን በፊት ሞተሩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዞርነው። የትም ሳይነካ ዞረ። ያን ጊዜ ነው ባትሪ የታሰረው።

ለእኔ የጥገናው ዋና ትምህርት ግን ከአሮጌው ቺንጋ ላይ የተነበበው ነው። ከፊት በሚያፈስ ዘይት ርሶ ጎማው ላሽቋል፣ ጥርሱ ተሸራርፏል። ባለፈው ወር የተቀየረ ቺንጋ እንዲህ አይሆንም። እነዚህ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች 100,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ዳሽቦርድ ላይ «ቲ-ቤልት» የምትል መብራት ያበራሉ። የእኔን ዳሽቦርድ ስንፈታ አምፖሏ ከቦታዋ የለችም። መካኒኩ «ጋሼ፣ ወላሂ ሞተሯ ጥፋት የለባትም፤ ታሪኳን ነው ያጠፉት» አለ።

ታሪክ አልባ መኪና ደግሞ የእኔ ብቻ አይደለችም። ከውጭ ተነድታ የመጣች፣ ቆጣሪዋ ወደ ኋላ የተመለሰች፣ ከእጅ እጅ የተዘዋወረች ስንት አለች! ዓመታዊው ምርመራ ፍሬንና መብራት ያያል፤ የቺንጋ ሽፋን አያስከፍትም። የቺንጋ ነገር ግን የባለቤቱ ኪሳራ ብቻ አይደለም። ቁልቁለት ላይ ሞተር ሲጠፋ ፍሬኑን የሚያግዘው ኃይል አብሮ ይቋረጣል፤ ጥቂት ከተረገጠ በኋላ ፔዳሉ ይደድራል፣ መሪው ይከብዳል። መስከረም 21 ግሸን ማርያም የሚወጣና የሚወርደውን ተሳፋሪ ያስቡት።

ስለዚህ መካኒክ ቺንጋ ሲቀይር ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩንና ስሙን ሽፋኑ ላይ በቀለም ይጻፍ፤ ለባለቤቱም በወረቀት ፈርሞ ይስጥ። የሽያጭ ውል የቺንጋውን ዕድሜ አንድ መስመር ይጨምርበት። መርማሪውም ሽፋን መፍታት አይጠበቅበትም፤ ያቺን ወረቀት ብቻ ይጠይቅ።

«በእኛ አገር ወረቀትም ይዋሻል» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው። ግን በአፍ የተዋሸ ውሸት ጠያቂ የለውም፤ ስም የተጻፈበት አለው። እንደ ሐይቅ ባለ ከተማ ስሙን የጻፈ መካኒክ ነገ ገበያ ላይ ከባለመኪናው ጋር ይገናኛል። መመዝገብም ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እዚሁ ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ከነበሩት ከአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ላይ የገዳሙ ንብረት ተጽፎ ይገኛል። የገዳሙን ንብረት በየዘመኑ የመዘገበ ምድር የቺንጋ ቀን መጻፍ አያቅተውም።

«በኤሌክትሪክ መኪና ዘመን የምን ቺንጋ?» የሚልም አለ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ይህ ግን ክርክሬን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። አዲስ ካልገባ ያለው ነው የሚኖረው። የሐይቅንና የቢስቲማን መንገድ ገና ለብዙ ዓመት የሚመላለሱት እነዚሁ ያረጁ ሃይሉክሶችና ሚኒባሶች ናቸው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ መለዋወጫ እንዴት እንደተወደደ የገዛ ያውቃል። የቺንጋና የሙሉ ቴስታታ ሥራ ዋጋ ደግሞ አይወዳደርም።

ሕግ እስኪወጣ ገዢው የራሱን ሕግ ያውጣ። በጽሑፍ ያልተረጋገጠ ቺንጋ ያለቀ ቺንጋ ነው። «አዲስ ነው» የሚል ሻጭ ወረቀት ያሳይ፤ ወረቀት ከሌለው የቺንጋውና የእጅ ዋጋው ከመኪናው ዋጋ ላይ ይቀነስ፣ መኪናውም ሥራ ሳይጀምር መጀመሪያ መካኒክ ዘንድ ይሂድ። ሁለት ሦስት ገዢ ገንዘብ ካስቀነሰበት፣ ሻጭ ሁሉ ሳይነገረው ወረቀት መያዝ ይጀምራል።