ሁለተኛው ናዳ
ሐምሌ 14 ቀን 2016 ዓ.ም. ምሽት በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ዶፍ ዝናብ ያራሰው ተራራ ተንዶ ቤቶችን ከነነዋሪዎቻቸው ዋጠ። ሲነጋ ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ ፖሊሱና የጤና ባለሙያው አካፋ ያለው በአካፋ፣ የሌለው በእጁ ጭቃውን ይቆፍር ጀመር። በዚያው ጠዋት ተራራው ዳግም ተናደ። ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ሌላውን ለማዳን የተሯሯጡ ናቸው። ለወገን መድረስ ከደማችን የተዋሐደ ወግ ነው፤ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ነገር ግን ያ ርኅራኄ ከዕውቀት ጋር ባለመታገዙ ስንት ቤት ተዘጋ! አንድ ጊዜ የተናደ ገደል ያልረጋ ገደል ነው፤ በናዳው የተገለጠው አፈር ውኃ እንዳዘለ ቁልቁል ያዘነብላል፣ ድጋፍም የለውም። ስለዚህ ቆፋሪዎች ከመሰማራታቸው በፊት ከላይ ሆኖ ተራራውን የሚቃኝና አደጋ ሲያይ ጮኾ የሚያስጠነቅቅ ሰው መቆም አለበት፤ የሚሮጡበትም አቅጣጫ አስቀድሞ ይታወቅ። የመሬት መሰንጠቅ፣ የዛፎች መዝመም፣ የምንጭ ውኃ በድንገት መደፍረስ የናዳ ምልክቶች መሆናቸውንም የገጠሩ ሕዝብ በቋንቋው ሊማር ይገባል። የቀበሌ አመራሮች፣ የግብርናና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሆይ፣ ይህንን ትምህርት ክረምቱ ሳይገባ በየተዳፋቱ ለሚኖረው ሕዝብ አድርሱ።