ለገና የሚያስለቅስ ፊልም?

ለበዓል ምን ዓይነት ፊልም ይቅረብ በሚለው ላይ ሁለት አስተማሪ ጸሐፊዎች አልተስማሙም። አንዷ የአጋሮ ልጅ ናት፤ አንዱ ዕድሜያቸውን ጅማ የኖሩ ናቸው።

ከአጋሮ

የበዓል ዋዜማ ቴሌቪዥን የከፈተ ሰው ምን እንደሚመጣለት አስቀድሞ ያውቀዋል። ጋዜጠኛው በግ ተራ ገብቶ ዋጋ ይጠይቃል፤ ዘፋኟ በሀገር ልብስ ትዘፍናለች፤ ኮሜዲያኑ ባልና ሚስት ሆነው በዶሮ ዋጋ ይጣላሉ። ክፋት የለውም፣ እኔም እስቃለሁ። ግን ከሳቅ ሌላ እንዳይታይ ማን ከለከለ? ለስቅለት የኢየሱስን ፊልም አይተን እናለቅሳለን፤ ከዚያ በቀር የቀረው በዓል ሁሉ ጥርስ የማሳየት ግዴታ ያለበት ይመስላል።

እኔ ያለሁበት አካባቢ ገና እንዲህ አንድ ወጥ አይደለም። ቡናው ከመስከረም መገባደጃ ጀምሮ ይለቀማል። ታኅሣሥ ላይ ገሚሱ ተሽጦ ገሚሱ ገና ማድረቂያ አልጋ ላይ ነው። አልጋ ላይ ያለ ቡና ደግሞ በዓል አያውቅም፤ ቀን ይገላበጣል፣ ሲመሽ በሸራ ይሸፈናል፣ ሌሊት ይጠበቃል። ስለዚህ ገና በመጣ ቁጥር ከየቤቱ አንድ ሰው ይጎድላል። ለእሱ ወጡ በሳህን ተከድኖ፣ እንጀራው በፌስታል ተጠቅልሎ በልጅ እጅ ይላካል፤ እስኪደርስ ድረስ ይቀዘቅዛል።

ሌላም ጉድለት አለ። ከጅማ ዞን ወረዳዎች ወደ ሳዑዲና ወደ ሌሎች ዐረብ አገሮች ለቤት ሠራተኝነት የሄዱ ሴቶች ብዙ ናቸው። ገና ይሁን ዒድ፣ ጠዋት ቄጠማው ተጎዝጉዞ ቡና ሲፈላ ስልኩ የስኳር ዕቃውን ተደግፎ ረከቦቱ ላይ ይቆማል፤ ልጅቷ በኢሞ ትታያለች። እናት ስኒውን ወደ ስልኩ ከፍ አድርጋ «ይኸው አቦሉ ያንቺ ነው» ትላታለች። ልጅቷ ትስቃለች። ኔትወርኩ ሲቋረጥ እናት ተነስታ ጓዳ ትገባለች፤ ለምን እንደገባች የሚጠይቅ የለም። ይህችን ጓዳ የምታሳየኝ የበዓል ፊልም ነው የምፈልገው።

አይቻልም እንዳይባል ተሠርቶ አይተናል። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በ2007 ካን ፌስቲቫል ላይ በይፋዊው ምርጫ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ኤፍሬም እናቱን በረሃብ ያጣ ልጅ ነው። አባቱ ሥራ ፍለጋ ሲሄድ ዘመድ ቤት ይተወዋል፤ ከልጁ ጋር የቀረችው ቹኒ የምትባል በጉ ብቻ ናት። አጎቱ ደግሞ ለሚመጣው በዓል ትታረድ ይላል። ይኸው ነው ታሪኩ። በዓሉን አይሰድብም፣ አጎትየውንም ጭራቅ አያደርገውም፤ የድግሱን ዋጋ ማን እንደሚከፍል ብቻ ያሳያል።

ፈረንጆቹም ይህን ያውቁበታል። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው «ዘ ሆልዶቨርስ» ላይ ሁሉም ለገና ወደየቤቱ ሲሄድ አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ ከቀሩት አንዷ ልጇን በቬትናም ጦርነት ያጣች ወጥ ቤት ናት። ዳቫይን ጆይ ራንዶልፍ በዚህች ሴት ሚና ኦስካር ወስዳለች። እኛ ዘንድ ብትሆን ጎረቤት በበዓሉ ብቻዋን አይተዋትም ነበር። ሐዘን ከገባበት ቤት የመጀመሪያው በዓል ሲደርስ ምግብ ተይዞ እንደሚኬድ የማያውቅ የለም። ባህላችን በዓልና ለቅሶን አብሮ ማስተናገድ ከቻለ ፊልማችን ለምን ያፍርበታል?

ከጅማ

እህቴ፣ ቡናውን አሳምረሽ ጽፈሻል። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ያንን አልጋ የሚጠብቀውን ሰው፣ ወርዶ ቁጭ ሲል ምን ማየት እንደሚያምረው ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? ሦስት ወር ጎንበስ ብሎ ለሰነበተ ለቃሚ በዓሏ የምትሰጠው አንዲት ቀን ናት። በዚያች ቀን የራሱን ጎደሎ በስክሪን መልሶ ማሳየት ለማን ይጠቅማል? ሐዘን በፊልም የሚያምረው ሆዱ ሞልቶ ጊዜ ለተረፈው ሰው ነው፤ እኔና አንቺን ጨምሮ።

ሁለተኛ፣ የኛ ፊልም ሐዘን አነሰው እንዴ! ሙሽራዋ ከሰርጉ በፊት ትታመማለች፤ ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ ራሱን ይነቀንቃል፤ ክራሩ ይጀምራል። አማርኛ ፊልም ላይ ማስለቀስ ርካሽ ነው፣ ማሳቅ ነው ውዱ። ልመነህ ታደሰና አለባቸው ተካ፣ ተስፋዬ ካሳ፣ ደረጀና ሀብቴ በሳቅ ውስጥ የቀበሌውንም የቢሮውንም ገመና ስንት ጊዜ አወጡት? በግ ተራ ላይ የሚከራከረው ባል የኑሮ ውድነትን የሚያህል ቁም ነገር ይዞ ነው የሚያስቀን። ሳቁን ቀላል አታድርጊው።

ፈረንጆቹን ካነሳሽ የገና ፊልሞች አባት የሚባለውን ፊልማቸውን እኔ ላንሳ። የፍራንክ ካፕራ «ኢትስ ኤ ወንደርፉል ላይፍ» በ1946 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ያወጣውን ገንዘብ እንኳ አልመለሰም። በገና ዋዜማ ድልድይ ላይ ቆሞ ራሱን ሊያጠፋ የሚያስብ ሰው ታሪክ ነዋ፤ ማን ይይለት! ዝነኛ የሆነው በ1974 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብቱ ሳይታደስ ቀርቶ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ያለ ክፍያ ስለደጋገሙት ነው። ያም ሆኖ ማለቂያው ላይ ጎረቤቱ ሁሉ ገንዘብ አዋጥቶ ይደርስለታል። እንደ ዕድር ነው፤ እንደ ዕድር ባይሆን ኖሮ ዛሬ አናወራለትም ነበር።

ደግሞ የት እንዳለን አትርሺ። በጅማ ዞን የሚበዛው ሙስሊም ነው። በ1992 ገናና ዒድ አልፈጥር ተጠጋግተው ሲውሉ ሰፈሩ እንዴት እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ከዚህ ቤት ዳቦ ሲወጣ ከዚያ ቤት ሌላ ሳህን ይገባል። ሥጋው ለየብቻ ነው፤ ቡናው፣ ዳቦውና ቀልዱ ግን የጋራ ነው። ሐዘንተኛ ፊልም የአንድ ቤት ታሪክ ይዞ፣ የአንዱን ጸሎትና የአንዱን ቀብር እያሳየ መሄዱ አይቀርም። ቀልድ አጥር ይዘላል።

ከአጋሮ

ጋሼ፣ በ1974 እ.ኤ.አ. ነፃ የነበረው ፊልም አንድ ብቻ ነበር እንዴ? መብቱ ያልታደሰ ስንት ፊልም ነበር፤ ሰው ግን ያንን መረጠ። የድልድዩን ሰው ቀን ከሌት አብሮት እንዲኖር የፈቀደለት በራሱ ኑሮ ውስጥ ስላገኘው ነው።

ለቃሚው ሐዘን አያምረውም የሚሉትን ደግሞ ቪዲዮ ቤት ተቀምጠው ያዩት ይመስክሩ። እርስዎም ነበሩበት። አግዳሚው ጢም ብሎ፣ በመስኮቱ ላይ ጥቁር ብርድ ልብስ ተቸንክሮ፣ የህንድ ፊልም ተከፍቶ እናቲቱ ልጇን ስታጣ ያ ሁሉ ጎረምሳ በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ሲጠርግ አላዩም? አንድ ቃል ህንዲ የማይሰማ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ፣ ያውም በበዓል ቀን ያለቅስ ነበር። ለእሱ ሐዘን አይመጥነውም ማለት መናቅ ነው።

ስለ ክራሩና ስለ ሐኪሙ ግን እጄን ሰጥቻለሁ፤ ያ ፊልም ለበዓልም ለሌላ ቀንም አይሁንብን። እኔ የምጠይቀው ሞት አይደለም። እማማ ጓዳ ገብታ ነጠላዋን አስተካክላ ተመልሳ «ቶናው ደርሷል» ስትል የምታሳይ ፊልም ነው። ለየብቻ የሚወጣው ሥጋ ያሉትም የሚያስፈራ ሳይሆን የሚያጓጓ ትዕይንት ነው፤ ክርስቲያኗ ሴት ለሙስሊም እንግዳዋ ድስት ለይታ፣ ሙስሊም ባራኪ ጠርታ የምታደርገው ጥንቃቄ አንድ ሙሉ ፊልም ይወጣዋል።

ከጅማ

የህንዱ ፊልም ያስለቅስሻል፣ ግን ከሦስት ሰዓት ውስጥ ገሚሱን ያስጨፍርሻል፤ ማለቂያው ላይ የጠፋው ወንድም ይገኛል። ሕዝቡ የከፈለው ለዚያ ለመገኘቱ ነበር። አንቺ የምትዪው ፊልም ላይ ልጅቷ ትመጣለች ወይስ ኔትወርኩ እንደተቋረጠ ይቀራል? ይቀራል ካልሽኝ፣ በበዓል ዋዜማ ልጇ ሳዑዲ ያለችባት እናት ፊት አልከፍተውም። ፊልሙ በደንብ ስላልተሠራ አይደለም፤ እሷ ጓዳ የገባችው እኛ እንዳናያት ነው። አንቺ ካሜራ ይዘሽ ትከተያታለሽ።

ይሁን፣ ሥሪው። ጥበቃውን፣ ድስቱን፣ ረከቦቱን ሁሉ አስገቢ። ግን ከጥምቀት በኋላ አውጪው። ቡናው ተሽጦ፣ ዕዳው ተከፍሎ፣ ሰው በራሱ ጊዜ ማልቀስ ሲችል እኔም መጥቼ አያለሁ፤ ትኬቱንም ለአግዳሚው ሁሉ እገዛለሁ።

ከአጋሮ

ጋሼ፣ የጓዳው ነገር ከብዶኛል፣ አስብበታለሁ። ቀኑን ግን አልቀበልም። ከጥምቀት በኋላ ጀንፈል ቡናው ወደ መጋዘን ገብቶ ሸራው ተጠቅልሏል፤ ከሩቅ የመጣው ለቃሚ ሒሳቡን ተቀብሎ መኪና ተሳፍሯል፤ ጠባቂውም ተሰናብቷል። ለአግዳሚው ሁሉ ትኬት እገዛለሁ ያሉኝ፣ አግዳሚው ላይ የሚቀሩት ነጋዴውና እኛ አስተማሪዎቹ ስንሆን ነው?