የእግረኛው ዳር ለእግረኛ ይመለስ

ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው። በየቤታችን ደብተር ይገዛል፣ ዩኒፎርም ይሰፋል፣ ያምናው ቦርሳ ይጠገናል። እኔ ዛሬ የማነሳው ግን ከገበያ የማይገዛ ነገር ነው፤ ልጁ ከቤት ወጥቶ ትምህርት ቤቱ እስኪደርስ የሚረግጠውን የመንገድ ዳር።

ሆሳዕናን ከሃያ ዓመት በፊት የሚያውቅ ሰው ዛሬ ቢመጣ ሰፈሩን ጠይቆ ነው የሚያገኘው። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። በ2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የክልሉ አስተዳደር እዚሁ ተቀመጠ። ደቡብ አፍሪካ የሄዱ ልጆቻችን በላኩት ገንዘብ ፎቅ ቆመ፣ ሱቅ ተከፈተ፣ ባጃጅ ተገዛ። ከአዲስ አበባ የተነሳው የኮሪደር ልማትም ወደ ክልል ከተሞች ወርዷል። ዱራሜም ሆነ ሾኔ እንደ አቅማቸው እያደጉ ነው። እሰየው ነው፤ ማንም ወላጅ ልጁ በጭቃ እንዲሄድ አይመኝም።

ችግሩ ዕድገቱ የእግረኛውን ቦታ እየወሰደ መምጣቱ ነው። አንዱ ቤት ሲሠራ አሸዋውንና ጠጠሩን የእግረኛ መንገድ ላይ ያስገለብጣል። ባለሱቁ ዕቃውን ወደ ውጭ ይደረድራል። ባጃጁ ተሳፋሪ ለመጠበቅ እዚያው ይቆማል። የሰባት ዓመት ልጅ እዚህ ሲደርስ ያለው ምርጫ አንድ ነው፤ አስፋልት ላይ መውረድ። የአሸዋው ክምር ደግሞ ከቁመቱ ይበልጣል። እሱ የሚመጣውን መኪና አያይም፣ ሾፌሩም እሱን አያይም። የሚተያዩት አስፋልቱ ላይ ነው።

እስቲ አብረን እናስላ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሾፌሩ ልጁን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሴኮንድ ቢፈጅበት፣ መኪናው ገና ሳይቀዘቅዝ 14 ሜትር አልፏል ማለት ነው። በ30 ቢሆን ግን 8 ሜትር ብቻ ነው። የመምታት ኃይሉም በ50 ሲሆን ከ30ው ሦስት እጥፍ ሊሞላ ምንም አይቀረው። አስፋልቱ በዝናብ ሲረጥብ ደግሞ መኪናው እስኪቆም ጊዜ ይወስዳል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት ለሾፌርም ይሠራል።

ለአያቶችም ስሌቱ ያው ነው። ከዘራ ይዞ በሴኮንድ አንድ ሜትር የሚራመድ አዛውንት 7 ሜትር ስፋት ያለውን አስፋልት ለመሻገር 7 ሴኮንድ ያስፈልገዋል። በዚያ ጊዜ በ50 የሚመጣው መኪና ወደ 100 ሜትር ይጠጋል። ሲነሱ ሩቅ የነበረው መኪና መሐል ሲደርሱ አጠገባቸው ነው። የሾኔ ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ከሀላባ ወደ ሶዶ የሚያልፈው መንገድ ከተማውን ለሁለት ሰንጥቆት ነው የሚሄደው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ እንደሞተ ዘግቧል። ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን በመግደል ቀዳሚው ምክንያትም ይኸው ነው። ወባና ኩፍኝ ስንፈራ የኖርን ወላጆች ዛሬ የምንፈራው ተጨምሮልናል። ድርጅቱ እግረኛና ተሽከርካሪ በሚቀላቀሉበት ሰፈር ፍጥነቱ ከ30 እንዳይበልጥ ይመክራል።

በእኛ ሰፈር አንዲት እናት ጆሃንስበርግ ያለው ልጃቸው በሚልክላቸው ገንዘብ ቤት ያሠራሉ። ጠጠሩ የእግረኛውን መንገድ ዘግቶት ስለነበር ሄጄ አነጋገርኳቸው። «ግቢው ጠባብ ነው ልጄ፣ የት ላድርገው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። «እማማ፣ ሁሉም ይነሳ አላልኩም፤ ሁለት ልጆች ጎን ለጎን የሚያልፉበት ይተውልን» አልኳቸው። ግንበኛውን ጠሩት። ጠጠሩ ወደ አጥሩ ተጠጋ፣ በእንጨትና በገመድ መተላለፊያ ተከለለ። የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ቤቱ የሚሠራው ለልጅ ልጆቻቸው ነው፤ በዚያ መተላለፊያ የሚያልፉትም እነሱው ናቸው።

ከማዘጋጃ ቤት የምንጠይቀው አለን። በትምህርት ቤት በር ላይ ዜብራና የፍጥነት መቀነሻ ይሠራ። የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ አሸዋና ጠጠር የት እንደሚራገፍ አብሮ ይወሰን። አዲስ አስፋልት ሲነጠፍ የእግረኛው መንገድ በኋላ የሚታሰብ አይሁን፤ መንገድ በተስተካከለ ቁጥር ፍጥነት ይጨምራልና። ይህን አንድ ወላጅ ብቻውን ቢጠይቅ ሰሚ ላያገኝ ይችላል። የዕድሩና የወላጅ መምህር ኅብረቱ አንድ ላይ ጽፈው ሲያስገቡ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

እስከዚያው በእጃችን ያለውን እናድርግ። ትምህርት ሳይጀመር አንድ ቀን ከልጆቻችሁ ጋር መንገዱን በእግር ሂዱበት፤ የት እንደሚሻገሩ፣ የት እንደሚቆሙ አሳዩአቸው። የእግረኛ መንገድ በሌለበት ግራቸውን ይዘው፣ የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት እያዩ እንዲሄዱ አስተምሯቸው። ከቆመ ባጃጅ ጀርባ ዘለው እንዳይወጡ አስጠንቅቋቸው። ትንንሾቹን ታላላቆቹ እጃቸውን ይዘው ያሻግሯቸው። በቤታችሁ ሾፌር ካለ ጠዋት በትምህርት ቤት በር ሲያልፍ ፍጥነቱን እንዲቀንስ ምከሩት።

በኅዳር 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ መኪና የማይነዳበት ቀን ሲጀመር፣ ልጆች አስፋልት ላይ ኳስ ሲጫወቱ አይተን ተደስተን ነበር። ለእነሱ አስፋልቱን በሙሉ ሁልጊዜ መስጠት አንችልም። ዳሩን ግን መስጠት እንችላለን። ያሆዴና መሳላ እየደረሱ ነው፤ ከአዲስ አበባም ከውጭም ዘመድ ይገባል፣ መኪናው ይበዛል። ከዚያ በፊት እያንዳንዳችን ደጃችንን እንይ፤ ያለው ጠጠር ከሆነ ይጠጋ፣ ዕቃ ከሆነ ወደ ውስጥ ይግባ።

መልካም የትምህርት ዘመን ይሁንላችሁ።