የኬርን ካውንቲ እገዳ የወደቀው በድሆች ላይ ነበር

እ.ኤ.አ. ኦገስት 21 ቀን 1939 በካሊፎርኒያ የኬርን ካውንቲ አስተዳዳሪዎች ቦርድ የጆን ስታይንቤክ «የቁጣ ወይን» ከካውንቲው ቤተ መጻሕፍትና ትምህርት ቤቶች እንዲነሳ በ4 ድምፅ ለ1 ወሰነ። ልብ ወለዱ ከታተመ ገና አራት ወሩ ነበር። ቦርዱ መጽሐፉን ጸያፍ ነው፣ የካውንቲውንም ስም በሐሰት ያጠፋል ሲል ከሰሰው። በዚህ መጽሔት እምነት ውሳኔው ስህተት ብቻ ሳይሆን ግፍም ነበር።

ግፍ የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። መጽሐፉ በጊዜው የሚሸጠው በ2 ዶላር ከ75 ሳንቲም ነበር። ባለ ሰፊ እርሻው ባለጸጋ ከፈለገ ገዝቶ ያነበዋል፤ ቦርዱ በእርሱ ላይ ሥልጣን አልነበረውም። ድርቅ፣ የአቧራ ማዕበልና የባንክ ዕዳ ከኦክላሆማና ከአጎራባች ግዛቶች ነቅለው ያመጡት፣ ጥጥና ፍራፍሬ እየለቀመ የሚያድረው ቤተሰብ ግን መጽሐፉን በነጻ የሚያገኘው ከቤተ መጻሕፍት ብቻ ነበር። ስለዚህ እገዳው የተከለከለውን ሰው በትክክል መርጦታል፤ መጽሐፉ የእርሱኑ የስደት ኑሮ ለሚተርክለት ለዚያው ሰው መደርደሪያው ባዶ ሆነ።

የቦርዱ ቅሬታ መሠረት አልነበረውም አንልም። ከ1930 እስከ 1940 የካውንቲው ሕዝብ ከ82 ሺህ ወደ 135 ሺህ አሻቅቧል። ትምህርት ቤቶች ተጨናንቀዋል፣ ሆስፒታሉ ከአቅሙ በላይ ተሸክሟል፤ ካውንቲው ለስደተኞቹ ያወጣውንና የደከመበትን ነገር ደራሲው አላነሳልንም ብሎ ማዘኑ ይገባናል። ታዲያ ቅሬታ መልስ ይጻፍበታል። ቦርዱ ወጪውን፣ ያከመውን ሕመምተኛ፣ ያስተማረውን ሕፃን ዘርዝሮ ከልብ ወለዱ ጎን በዚያው መደርደሪያ ላይ ቢያስቀምጥ ኖሮ አንባቢው ሁለቱንም አይቶ ይፈርድ ነበር።

«ሐሰት ነው» የሚለው ክስ ደግሞ የትም አያደርስም። ስታይንቤክ በ1936 ለሳን ፍራንሲስኮ ጋዜጣ ስለ ስደተኛ ሠራተኞች ተከታታይ ዘገባ ሲጽፍ በዚያው በኬርን ካውንቲ፣ አርቪን አጠገብ የፌዴራሉ መንግሥት ያቋቋመውን መጠለያ ጎብኝቷል። የመጠለያው ኃላፊ ቶም ኮሊንስ ያየውንና የመዘገበውን አካፍሎታል፤ መጽሐፉም በከፊል መታሰቢያነቱ ለእርሱ ነው። በ1940 የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ኤሌኖር ሩዝቬልት መጠለያዎቹን ዞረው ካዩ በኋላ መጽሐፉ የተጋነነ ሆኖ እንዳልታያቸው ለጋዜጠኞች ተናግረዋል።

በካውንቲው ከተማ በቤከርስፊልድ የባለ ሰፊ እርሻዎች ማኅበር ሰዎች ፎቶ አንሺ ፊት መጽሐፉን አቃጥለዋል። እሳቱን እንዲለኩስ የተደረገው የእርሻ ሠራተኛ መጽሐፉን አላነበበውም ነበር። ከሁሉ የሚያሳዝነን ይህ ነው፤ ስለ እርሱ ኑሮ የተጻፈውን መጽሐፍ በእርሱ እጅ አስቃጠሉት።

በዚህ ሁሉ መካከል ክብር የሚገባቸው የካውንቲው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ግሬቸን ክኒፍ ናቸው። እንጀራቸው በቦርዱ እጅ ቢሆንም፣ መጽሐፍ ማገድ አንዴ ከተጀመረ ማቆሚያ እንደሌለው፣ ሐሳብም በመከልከል እንደማይሞት ለቦርዱ በጽሑፍ አሳወቁ። አልሰሟቸውም። በ1940 መጽሐፉ የፑሊትዘር ሽልማት ሲያገኝም በኬርን እንደታገደ ነበር። እገዳው የተነሳው በጃንዋሪ 1941 ነው።

ይህን ፍርድ የምንሰጠው በሌላ ሀገር ጉዳይ ጣልቃ ለመግባት አይደለም። በእኛም ሀገር የበዓሉ ግርማ ልብ ወለድ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው እንደተሰበሰበ፣ ደራሲውም ከሥራው ተባሮ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ደብዛው እንደጠፋ እናውቃለን። በኬርን ማንም ደራሲ አልጠፋም፤ ሁለቱን እኩል ማድረግ የበዓሉን ደም ማቅለል ይሆናል። ሆኖም ሁለቱም ቦታ መጽሐፍ እንዲሰበሰብ ያዘዙት፣ መጽሐፉ የሚናገርበት ጉዳይ እነርሱን የሚመለከታቸው ሰዎች ነበሩ። በራሳቸው ጉዳይ ራሳቸው ዳኛ ሆኑ።

የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ከኬርኑ ድምፅ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በዚያው በካሊፎርኒያ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የቤተ መጻሕፍት መብቶች መግለጫ አጽድቆ ነበር። መግለጫው ቦርዱን የማስገደድ አቅም አልነበረውም። በሀገራችን የቅድመ ምርመራ ሳንሱር በ1985 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 34 ቀርቷል፤ ነገር ግን መጽሐፍ ከታተመ በኋላ ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ በአንድ ባለሥልጣን ስልክ እንዳይነሳ የሚጠብቀው በግልጽ የተጻፈ ደንብ ነው። ወመዘክርም ሆነ አብርሆት፣ በየክልሉ ያሉትም የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እንዲህ ያለ ደንብ አውጥተው አንባቢ በሚያየው ቦታ ይለጥፉት፤ መጽሐፍ ይነሳ የሚል ጥያቄ በጽሑፍ ይቅረብ፤ ጠያቂው መጽሐፉን ማንበቡን በፊርማው ያረጋግጥ፤ የቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያ አስተያየት ሳይሰማም አንድ ቅጂ ከመደርደሪያ አይነሳ።