ሜጋዋት ብቻውን መብራት አይሆንም፤ የነፋስ ኃይል የመስመሩ ደጋፊ ይሁን



ገዥዎቻችን ምርጫ በመጣ ቁጥር ሜጋዋት ይቆጥሩልናል። አዳማ አንድ 51፣ አዳማ ሁለት 153፣ አሸጎዳ 120 ይሉናል። ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ደግሞ ከ5,000 በላይ ነው። ግድቡ የመላው ሕዝብ ላብ ስለሆነ የማንም ፓርቲ የግል ንብረት ሊሆን አይችልም። እኛ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ይህ ሁሉ ኃይል እያለ ወፍጮ ቤቱ እህል እንደተሸከመ ለምን ይቆማል?

ያረጀ ትራንስፎርመርና የተበጠሰ ሽቦ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው፣ ሹማምንቱ የማይነግሩን፣ የዋናው መስመር አለመጽናት ነው። የመስመሩ ፍሪኩዌንሲ 50 ኸርዝ ላይ መቆም አለበት። አንድ ትልቅ ጣቢያ በድንገት ከመስመር ሲወጣ ይህ ቁጥር በሴኮንዶች ውስጥ ያሽቆለቁላል፤ መስመሩም ራሱን ለማዳን ሲል ከተሞችን ቆርጦ ይጥላል። የግድብ ተርባይን ክፍተቱን ለመሙላት ውሃው እስኪፈጥን ጊዜ ይወስዳል።

የነፋስ ተርባይን የሚደርሰው በዚህች ቅጽበት ነው። በሚሽከረከሩት ክንፎቹ ያለውን ጉልበት በኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያው አማካይነት ለጥቂት ሴኮንዶች ለመስመሩ ሊለቅ፣ ቮልቴጁንም ሊደግፍ ይችላል። ይህን የሚያደርገው ግን በውሉ ተጽፎ ከተገዛና በትክክል ከተስተካከለ ብቻ ነው።

እንደኛ ኤሌክትሪኳን በአብዛኛው ከውሃ የምታገኘው የካናዳዋ ኩቤክ ይህን ቀድማ ተረድታለች። ሃይድሮ ኩቤክ ከ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ በትልልቅ የነፋስ ጣቢያዎች ላይ ግዴታ አድርጎታል። በአንጻሩ በደቡብ አውስትራሊያ በመስከረም 2016 እ.ኤ.አ. ማዕበል መስመሮችን ሲጥል፣ የበርካታ ነፋስ ጣቢያዎች መከላከያ አላግባብ ተስተካክሎ ስለነበር ጣቢያዎቹ ኃይላቸውን ቀነሱ፤ ግዛቲቱም በሙሉ ጨለመች። ስህተቱ የታረመው ከጨለማው በኋላ ነው። እኛም በገዛ አገራችን ጨለማ እስክንማር መጠበቅ የለብንም።

ድርቁንም አንርሳ። ግንቦት 2011 ዓ.ም. የጊቤ ሦስት ውሃ ሲጎድል ሕዝቡ በፈረቃ እንዲኖር ተፈርዶበታል። ነፋሳችን የሚበረታው ግን በበጋ ነው። በበጋ ከነፋስ የምናገኘው ኃይል በግድቡ ውስጥ የምናስቀምጠው ውሃ ነው።

ስለዚህ ብትመርጡን፦

ሀ) ማንኛውም አዲስ የነፋስ ኃይል ውል ፍሪኩዌንሲና ቮልቴጅ የመደገፍ ግዴታ እንዲይዝ በሕግ እንደነግጋለን፤ ነባሮቹ ጣቢያዎችም አቅማቸው ተመርምሮ እንዲስተካከሉ እናደርጋለን።

ለ) ተርባይን ለመጠባበቂያ ሲባል ከአቅሙ በታች ሲሠራ የሚሸጠው ኃይል ይቀንሳል። ይህ ወጪ አለው፤ አንደብቀውም። አገልግሎቱ በግልጽ ተመን ይከፈልበታል።

ሐ) ውሎቹና የእያንዳንዱ ከፍተኛ የመስመር መቋረጥ ምክንያት ለሕዝብ ይፋ ይሆናሉ።

መ) የኢነርጂ ዘርፉን የመቆጣጠር ሥልጣን የተሰጠው ባለሥልጣን ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲሆን እናደርጋለን።

የነፋሱ ዕዳ የሚከፈለው ከእናንተ ኪስ ነው። ዕዳውን የሚከፍል ሕዝብ ውሉን የማየት መብት አለው። ይህን መብታችሁን በድምፃችሁ አስከብሩ!