መምህሩ ሊያቆመው ስለሚችል ትምህርት

በ1997 ዓ.ም. ገደማ ፕላዝማ የተባለው ቴሌቪዥን በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በገባ ጊዜ፥ ትምህርቱ ከሳተላይት በእንግሊዝኛ ይወርድ ነበርና መምህሩ «ቆይ» ሊለው አይችልም ነበር። ያልገባው ልጅ እንዳልገባው ደወሉ ይደወላል።

ዛሬ ግን በአምቦ ወይም በጌዶ የሚያስተምር መምህር፥ በአሜሪካ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀውን ፌት የተባለውን የሳይንስ ማሳያ ያለ ዋጋ ሊያወርድ ይችላል። አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ይሠራል። ሽቦውን ሲቀጥሉት አምፖሉ ይበራል፥ ሲፈቱት ይጠፋል፤ መምህሩም በፈለገው ስፍራ አቁሞ በአፋን ኦሮሞ ያብራራል። ለታናናሾቹም አፍሪካን ስቶሪቡክ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የተጻፈ ተረት አለው፤ አትሞ ማደልም የተፈቀደ ነው።

ነገር ግን፥ ወላጆች ሆይ፥ «ይህን በቤታችሁ ተመልከቱ» ተብሎ የሚሰጠው የቤት ሥራ ሌላ ነገር ነው። ስልክ የሌለው ልጅ ከጓደኞቹ ይለያል፤ እናትም ከጤፏ ሸጣ ካርድ ትገዛለች። መሣሪያው አንድ ብቻ ቢሆንም በክፍል ውስጥ ይከፈት፤ በቄስ ትምህርት ቤት በአንድ ዳዊት ዙሪያ ስንት ሆነን ተምረናል! ስለዚህ የወላጆች ስብሰባ በተጠራ ጊዜ መምህሩን፥ «ልጄ ስልክ ባይኖራት ይህን ትምህርት በምን ታየዋለች?» ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ።